«ሃዱ ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ወንበራችሁን እዩ

ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ከተቀመጥሁ ወዲህ፣ ሃድ (የበረራውን መረጃ በምልክቶች አድርጎ በአብራሪው ዓይን ፊት ባለ መስታወት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ) ባለው አውሮፕላን ላይ ሊሠለጥኑ የተመደቡ ወጣት አብራሪዎች ለበዓል ወደ ቤተሰብ ሲመጡ ጎራ ይሉብኛል። የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ምልክቶቹ ነው። ስለ ወንበር የጠየቀኝ አንድም የለም። ደጋግመው የሚሠሯቸው ስሕተቶች እነሆ።

ወንበርን ለእግር ምቾት ማስተካከል፦ ስንት ጊዜ ልናገር? ሃድ ቴሌቪዥን አይደለም። ከአብራሪው ራስ በላይ የተገጠመው ፕሮጀክተር ብርሃኑን በሌንሶች አሳልፎ ጨረሮቹን ትይዩ ያደርጋቸዋል። ከዓይን ፊት የሚወርደው መስታወት ያንን አረንጓዴ ብርሃን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ የውጭውን ያሳልፋል። ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ዓይን በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ወይም ወደ ጎን ካላችሁ ጠርዙ ይቆረጣል፤ ከዚያ ካለፋችሁ የሚቀራችሁ ባዶ መስታወት ነው። ሠልጣኙ ግን ወንበሩን ለጉልበቱ አመቻችቶ፣ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ አንገቱን እንደ ሽመላ ያሰግጋል!

እኔም አድርጌዋለሁ። በሲሙሌተር (በበረራ ማስመሰያ) ለማረፍ ስቃረብ የወደቀ እስክሪብቶ ላነሳ ጎንበስ አልሁ፤ ሥዕሉ ድርግም አለ። «ሃዱ ተበላሸ!» ብዬ ጮኽሁ። አሠልጣኜ ቀስ ብሎ «ካፒቴን፣ እባክዎ ቀና ይበሉ» አለኝ።

መስታወቱን መመልከት፦ እንግዶቼን ጣና ወደሚታይበት መስኮት እወስዳቸዋለሁ። በመስኮቱ ላይ የዝንብ ጉድፍ አለ፣ ማዶ የደንገል ታንኳ። ጉድፉን ካያችሁ ታንኳው ይደበዝዛል፤ ታንኳውን ካያችሁ ጉድፉ። የሃድ ሥዕል የሚገኘው ከታንኳው ጋር ነው። ዓይናችሁን ማኮብኮቢያው ላይ ጣሉ፤ ምልክቶቹ እዚያው ይጠብቋችኋል።

አፍንጫውን ከመንገዱ ጋር ማምታታት፦ በነፋስ ወደ ክብራን ደሴት የሚቀዝፍ ሰው የታንኳውን አፍ ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው የሚደርሰው። ክንፍ ያላት ትንሿ ክብ ምልክት የምታሳየው አፍንጫው የዞረበትን ሳይሆን አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበትን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ መሬቱ ቶሎ ይሮጣል፣ በ3 ዲግሪ ለመውረድም የቁልቁለቱ ፍጥነት ይጨምራል። በቆላ የለመዳችሁትን ቁጥር ተዉና ምልክቷን መንኮራኩሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አኑሯት።

በምልክቱ መፍዘዝ፦ በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣ የናሳ የሲሙሌተር ጥናት፣ በሃድ ሲያርፉ ከነበሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ማኮብኮቢያው ላይ የነበረ ሌላ አውሮፕላን አላዩም። ልምድ ያላቸው የአየር መንገድ አብራሪዎች ነበሩ።

ሌሊት የሃዱን ድምቀት ቀንሱ፤ አለዚያ የማኮብኮቢያውን መብራቶች ይውጣቸዋል። ሥዕሉ በሙሉ አረንጓዴ ስለሆነም ቀይና ቢጫ ማስጠንቀቂያ በቀለም አይለይም፤ ታች ያሉትን ስክሪኖች አትርሱ።

መስታወቱን በመሐረብ የሚወለውል ካያችሁ ደግሞ እጁን ያዙት። በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ከተጫረ አይመለስም።