መንገድ ላይ ፎቶ ስናነሳ ማኑዋል ፎከስን እንዴት እንጠቀም

ካሜራው ራሱ ምስሉን ጥርት የሚያደርግበት አሪፍ ኦቶ ፎከስ እያለ ለምን የሌንሱን ቀለበት በእጅ እያዞሩ ይለፋል የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ኦቶ ፎከስ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ የአሁኖቹ ካሜራዎች አይን ፈልገው ይይዛሉ። ግን መንገድ ላይ ሰው በሰው ላይ ይተላለፋል፣ ካሜራው እናንተ የፈለጋችሁትን ሰውዬ ትቶ በመሀል ያቋረጠውን ሰው ትከሻ ይይዛል፣ እሱን እስክታስተካክሉ ነገሩ አልፏል። በማኑዋል ከሰራችሁ ግን ፎከሱ ካሜራውን ወደ አይናችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ያለቀ ስራ ነው። ብዙ ሰው ችሎታው ቀለበቱን ቶሎ ማዞር ላይ ይመስለዋል፣ እኔ ግን ርቀት መገመት ላይ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ሌንስ። 28 ወይ 35 ሚሊሜትር ይሁን፣ ሰፋ ያለ ቦታ የሚያሳይ ማለት ነው፣ ላዩ ላይ የሜትር ቁጥር የተጻፈበት ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። የድሮ የፊልም ሌንሶች ለዚህ ስራ የሚወዳደራቸው የለም፣ ቀለበቱ በሁለቱም በኩል ጫፍ አለው፣ 2 ሜትር ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው ስለዚህ ጣታችሁ ይለምደዋል። አዳዲሶቹ ኦቶ ፎከስ ሌንሶች ላይ ያለው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን የሚያዝ ብቻ ነው፣ ማቆሚያ የለውም፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ፈጠን አርጋችሁ ስታዞሩትና ቀስ አርጋችሁ ስታዞሩት የሚሄደው ርቀት እኩል አይደለም፣ እኔ ለዚህ ስራ አልወዳቸውም። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የርቀት መለኪያው ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አድርጉ። የሪኮ ጂአር ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ስናፕ ፎከስ የሚባለውን ከፍቶ ርቀቱን መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አንድ ሌንስ ይዛችሁ ቆዩ፣ የኒኮን ቀለበት የሚዞርበት አቅጣጫና የካኖን ተቃራኒ ስለሆኑ እያቀያየሩ መስራት እጅን ያሳስታል።

ከዛ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ኦቶ ላይ አድርጉ። ብርሃን ካነሰ ሸተሩን እስከ 1/250 አውርዱ፣ ከዛ በታች የሚራመድ ሰው መደብዘዝ ይጀምራል።

አሁን ዞኑ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ማለት ነው። አንድ ርቀት ላይ ፎከስ ስታደርጉ ጥርት የሚለው እዛች ነጥብ ላይ ብቻ አይደለም፣ ከፊቷም ከኋላዋም የተወሰነ ቦታ አብሮ ጥርት ይላል። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ (ሴንሰሩ የድሮው ፊልም ያህል የሆነ) 35 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ሆኖ ቀለበቱ 3 ሜትር ላይ ከቆመ ከ1.9 ሜትር እስከ 7 ሜትር ገደማ ያለው በሙሉ ይያዛል። 2 ሜትር ላይ ካቆማችሁት ከ1.4 እስከ 3.2 ይሆናል። በ28 ደግሞ 3.3 ሜትር ላይ ካደረጋችሁት ከ1.7 ሜትር ጀምሮ እስከ አይን የሚያየው ድረስ ነው። 50 ሚሊሜትር ግን 3 ሜትር ላይ ሆኖ የሚሰጣችሁ ከ2.3 እስከ 4.2 ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ሌንሱ ላይ በአፐርቸር ቁጥር ግራና ቀኝ የተሰመሩት መስመሮች ይህንኑ ነው የሚናገሩት፣ ግን ጥርት የማለት መስፈርታቸው ላላ ያለ ስለሆነ የአሁን ካሜራ ላይ ፎቶውን አሳድጋችሁ ስታዩት ጫፍ ጫፉ ይለሰልሳል። በኤፍ 8 እያነሳችሁ የኤፍ 5.6ን መስመር ብታነቡ ይሻላል።

ከባዱ ነገር እዚህ ጋ ነው፣ 3 ሜትር ስንት እንደሆነ በአይን ማወቅ። አንዳንዱ ሰው በእርምጃ ቁጠሩ ይላል፣ የአዋቂ እርምጃ 75 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ 4 እርምጃ 3 ሜትር ይሆናል፣ ለልምምድ ጥሩ ነው ግን መንገድ ላይ ማን ቆሞ ይቆጥራል። እኔ በጣም የምወደው በፍሬሙ መለካትን ነው። 35 ሌንስ ያለው ፉል ፍሬም ካሜራ በአግድም ይዛችሁ አንድ የቆመ አዋቂ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ልክ ፍሬሙን ሞልቶ ከታየ እናንተና እሱ መሀል ያለው 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ከወገብ በላይ ብቻ ከሞላ ደግሞ ግማሹ ነው፣ 1.25 ሜትር አካባቢ። በ28 ሙሉ ሰው ማለት 2 ሜትር ነው፣ በ50 ደግሞ 3.5። ይሄን ካወቃችሁ ሜትሩን ራሱ ማሰብ ትተዋላችሁ፣ "ጫማው ይታያል፣ ከላይም ትንሽ ክፍት ቦታ አለ፣ ስለዚህ 3 ነው" ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ልምምዱ ቤት ውስጥም ይሰራል። ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ በሩን አይታችሁ 2.5 ነው በሉ፣ ቀለበቱን እዛ አድርጉ፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ ምስሉን የሚያሳድገውን ማጉያ ከፍታችሁ በትክክል ፎከስ አድርጉና ቁጥሩ ስንት ላይ እንዳረፈ እዩ። ሁሌ ግምቱ ይቅደም፣ ማጉያውን ቀድማችሁ ካያችሁ አይናችሁ ምንም አይማርም። ፎከስ ፒኪንግ የሚባለውን፣ ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየውን ነገር ለዚህ ልምምድ አጥፉት፣ በሰፊ አፐርቸር ላይ ትክክል ያልሆነውንም ጠርዝ ቀለም ይቀባል፣ ሰውም እሱን ሲያሳድድ ፊት ማየት ይረሳል።

መንገድ ላይ ስትወጡ ቀለበቱን አንዴ 2.5 ወይ 3 ሜትር ላይ አድርጉና ተዉት። የሚንቀሳቀሰው እግራችሁ ነው። ሰው ወደናንተ ሲመጣ በሰከንድ 1.4 ሜትር አካባቢ ይራመዳል፣ እናንተም ወደሱ ከሄዳችሁ ያቺ ከ1.9 እስከ 7 ያለችው ዞን ሁለት ሰከንድ እንኳን አትሞላም፣ ቆማችሁ ከጠበቃችሁት ግን ሶስት ሰከንድ ተኩል አላችሁ። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ቁሙ። ሌላው ዘዴ መሬት ላይ ምልክት መያዝ ነው፣ የድንጋይ ንጣፍ መጋጠሚያ ወይ የእግረኛ ማቋረጫ መስመር ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ጠብቁ፣ ሰውዬው እግሩን እዛ ሲያሳርፍ ተጫኑ። እየመጣ ያለ ሰው ላይ እጃችሁ ሊዘገይ ስለሚችል ምልክቱ ላይ ሊደርስ ግማሽ እርምጃ ሲቀረው መጫን ይሻላል።

ሲመሽ ነገሩ ይለወጣል፣ ብርሃን ለማግኘት አፐርቸሩን ትከፍታላችሁ። ኤፍ 2 ላይ 35 ሌንስ 2 ሜትር ላይ ሲሆን የሚሰጣችሁ ከ1.8 እስከ 2.2 ነው፣ 40 ሳንቲሜትር ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ሰው ማሳደድ ዋጋ የለውም፣ የሱቅ መስታወት ወይ የመንገድ መብራት ስር ያለ ብርሃን ፈልጉ፣ መሬቱ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ሰው እስኪገባበት ጠብቁ።

ቀለበቱ ቦርሳ ውስጥም ልብስ ሲነካውም ይዞራል፣ ስለዚህ ካሜራውን ባነሳችሁ ቁጥር ቁጥሩን አንዴ ገልመጥ አድርጉ፣ ቀለበቱ ላላ ያለ ከሆነ ትንሽ ፕላስተር ይበቃዋል።

ቤት ስትገቡ የደበዘዙትን ፎቶዎች ዝም ብላችሁ አታጥፉ፣ መጀመሪያ መሬቱን አሳድጋችሁ እዩ። ሰውዬው የቆመበት መሬት ጥርት ብሎ እጅና እግሩ ብቻ ከተጎተተ ፎከሱ ልክ ነበር፣ ሸተሩ ነው የዘገየው። ጥርት ያለው ከጀርባው ያለው መሬት ከሆነ ርቀቱን አብዝታችሁ ነው የገመታችሁት፣ ከፊቱ ያለው ከሆነ አሳንሳችሁ። ብዙዎቹ ላይ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ነገ ስትወጡ ቀለበቱን በዛው ልክ ወደ ተቃራኒው ፈቀቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።