ድንጋዩ ፕላስቲክ ሆኖ ሲያስቸግረኝ

የአጥራችንን ጥርብ ድንጋይ በስልኬ አንስቼ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ለሠራሁት ግድግዳ አለበስኩት። ፎቶው ቁልጭ ያለ ነው፤ ግድግዳው ግን ውኃ እንደፈሰሰበት ፕላስቲክ ያብለጨልጫል። ሁለት ቀን ሙሉ መብራቱን ስወነጅል ከረምኩ።

አንዱ ጥፋት የራሴ ነበር፤ ያነሳሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ጥላው ከቀለሙ ጋር አብሮ ስለተቀረጸ፣ መብራቱን የትም ባዞረው አይንቀሳቀስም። ደመና ጠብቄ ደግሜ አነሳሁ።

ብልጭታውን ያመጣው ግን ሌላ ነው። የሻካራነቱን ምስል፣ ማለትም የቱ ቦታ ሻካራ የቱ ለስላሳ እንደሆነ በግራጫ የሚነግረውን፣ ብሌንደር እንደ ቀለም ፎቶ በኤስአርጂቢ (በተለመደው የፎቶ ቀለም ስልት) አንብቦታል። ይህ ምስል ደግሞ ቀለም ሳይሆን ቁጥር ነው፦ 0.5 የነበረው ግራጫ ወደ 0.21 ይወርድና ሻካራው ድንጋይ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ምስሉ በሚገባበት ሳጥን፣ በኢሜጅ ቴክስቸር ኖዱ ላይ፣ ከለር ስፔስ የሚለውን ነን-ከለር (ቀለም ያልሆነ) አደረግኩት፤ የኖርማል ማፑን፣ ማለትም ላዩ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚነግረውን ምስልም፣ እንዲሁ። የቀለሙን ፎቶ አልነካሁትም። ብልጭታው ወዲያው ጠፋ።

አግድም ስንጥቆቹ ግን አሁንም እንደ ጅማት አብጠው ይታያሉ። ለካ ኖርማል ማፑ የወጣው በዳይሬክትኤክስ ስልት ነው፤ ብሌንደር የሚጠብቀው የኦፕንጂኤልን ነው። ሁለቱ ስልቶች የላይና የታች አቅጣጫን የሚይዘውን የምስሉን አረንጓዴ ቻናል በተቃራኒው ያነባሉ። አረንጓዴውን ቻናል ብቻ ገለበጥኩ፤ ስንጥቆቹም ወደ ውስጥ ገቡ።