በየሳምንቱ የሚታደስ ቆጣሪ ሰዓት፦ በኢሜይል ለሚሸጥ የጎጃም ነጋዴ

ቀሪውን ጊዜ በቀንና በሰዓት እያሳየ ወደ ዜሮ የሚወርድ፣ ዜሮ ሲደርስም ለቀጣዩ ዙር ራሱን የሚያድስ ታይመር በኢሜይል ለሚሸጥ ሰው የሚጠቅመው ንግዱ በእርግጥ የሚመላለስ ቀነ ገደብ ሲኖረው ብቻ ነው። የጎጃም ገበያተኛ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ገበያው በሳምንት ቀኑ ይቆማል፣ ቀኑ ካለፈ እስከ ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ጤፍና ማር ለአዲስ አበባ ደንበኞች የሚልክ ነጋዴ እንውሰድ። መኪናው ዓርብ ማለዳ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ከሆነ፣ ትእዛዝ መቀበል ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ማብቃት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ለሚቀጥለው ጭነት ይተላለፋል። እንግዲህ ማንኛውንም ታይመር የሚሠራ የኢንተርኔት መሣሪያ ከመክፈትዎ በፊት ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ ምን እንደሚለወጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የሚለወጥ ነገር ከሌለ ታይመሩን ይተዉት። «ዛሬ ብቻ» የሚለው ቅናሽ በየሰኞው ከተመለሰ ደንበኛው በሦስተኛው ሳምንት ይነቃበታል፤ አሳሳች ማስታወቂያ ደግሞ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።

ለአንድ በዓል ሽያጭ ቋሚ ቀን ያለው ታይመር፣ ለአዲስ ተመዝጋቢ ደግሞ ከተመዘገበበት ደቂቃ የሚጀምር የግል ታይመር አለ። ለሳምንታዊ ጭነት ግን የሚመረጠው ተደጋጋሚው ነው።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው የመዝጊያውን ሰዓት መሣሪያው ላይ ስንጽፍ ነው። መሣሪያዎቹ የሚያውቁት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት 18:00 ተብሎ መግባት አለበት። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት ሳላስተውል 12:00 ብዬ ስለሞላሁ ትእዛዙ በቀትር 6 ሰዓት ተዘግቶ፣ ከሥራ መልስ ሊያዝዙ ያሰቡ ደንበኞቼ ዝግ በር ገጠማቸው። የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ ያድርጉት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የናይሮቢም ያው ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦቻቸው የሚያዝዙ ከሆነ ግን የዋሽንግተንን ክልል አይምረጡ፤ እዚያ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር የእርስዎ መዝጊያ አንድ ሰዓት ይዛነፋል።

ድረ ገጾችን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በኢሜይል ውስጥ ስለማይሠራ፣ የሚታየው ታይመር በእርግጥ ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚያገለግል ኮምፒውተር) መልእክቱ ሲከፈት የሚሥለው ጂፍ የተባለ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። ከዚህ ሦስት ችግሮች ይከተላሉ። የአፕል ሜይል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምስሎችን ደንበኛው ሳይከፍት አስቀድሞ ሊያወርድ ስለሚችል የሚታየው ቁጥር ያረጀ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የቆዩ የአውትሉክ (የማይክሮሶፍት ኢሜይል ፕሮግራም) ቅጂዎች የተንቀሳቃሹን ምስል የመጀመሪያ ፍሬም ብቻ፣ ማለትም የቆመ ቁጥር ያሳያሉ። ምስል የዘጋ ደንበኛ ደግሞ ምንም አያይም። ስለዚህ «ትእዛዝ የሚዘጋው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው» የሚለውን ከታይመሩ በላይ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ምስሉንም ትንሽ ያድርጉት፣ ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ከባድ ምስል ሳይከፈት ይቀራል።

የማዘዣ ገጹም በኢሜይሉ ሰዓት መገዛት አለበት። ኢሜይሉ ዜሮ እያለ ገጹ በአሮጌው ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ሰዓቱን ከዚያ ወዲያ የሚያምን አይኖርም፤ ስለዚህ ሁለቱም ቀሪውን ጊዜ ከአንድ ታይመር እንዲወስዱ አድርገው ያገናኙ። ማክሰኞ ያለ ታይመር የዋጋ ዝርዝሩን ይላኩ፣ ታይመሩን ለሐሙስ ጠዋት ማስታወሻ ያቆዩት፣ ያዘዘውንም ሰው ከማስታወሻው ዝርዝር ያውጡት።

በመጨረሻም ለራስዎ ይላኩና ዓርብ ጠዋት ያንኑ የሐሙስ መልእክት መልሰው ይክፈቱት። ታይመሩ ለአዲሱ ዙር መቁጠር ጀምሮ ካገኙት፣ ያለፈው ሳምንት ዋጋ አሁንም እንዳለ ያስመስላልና፣ ዋጋውን በዚህ መልእክት ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ደንበኛው በማዘዣ ገጹ ላይ እንዲያየው ያድርጉ።