ሄዱ ነው ወይስ ሌላው? በትንሽ በጀት ለሜታል ሙዚቃ የጊታር አምፕ ስትመርጡ

አዲስ ሄድ (ስፒከር የሌለው የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ) ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት፣ አሁን ያለው ድምፅ ምኑ እንደሚያስጠላችሁ ለዩት። «አይጥምም» ማለት ብቻ አይበቃም። ይደፈርሳል? ይቀጥናል? ባንድ ውስጥ ይጠፋል? እያንዳንዱ መልስ ወደ ሌላ ግዢ ይወስዳል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳትገዙ ይፈታል።

ቤት ውስጥ ያምራል፣ ከባንድ ጋር ግን አይሰማም

ሜታል የሚጫወት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያልፍበታል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሄዱ ሳይሆን የሚዱ (የመሀለኛው ድምፅ) ነው። ብቻችንን ስንለማመድ ቤዙንና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ አድርገን ሚዱን ዜሮ ድረስ እናወርደዋለን። በዝቅተኛ ቮልዩም ጆሯችን ቤዝን አሳንሶ ስለሚሰማ ነገሩ ደስ ይላል። ቮልዩሙ ሲጨምር ግን ያው ቤዝ ያብጥና ከቤዝ ጊታሩና ከከበሮው ጋር ይጋጫል። ትሬብሉን ደግሞ ሲምባሉ ይውጠዋል። ለጊታር የቀረው ቦታ መሀሉ ነበር፤ እሱን እኛው ዘግተነዋል።

ሚዱን 5 ወይም 6 ላይ አድርጉት። ቤዙን ወደ 4 አውርዱ። ጌይኑንም (ድምፁን የሚያሻክረውን ቁልፍ) ከለመዳችሁት ቀንሱ፤ ብዙ ጌይን የምቱን ጫፍ ያደበዝዘዋል። ይህን ሁሉ የምታስተካክሉት ባንዱ እየተጫወተ ነው። ብቻውን ስትሰሙት ሸካራ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግድ የለም። ይህን ሳይሞክሩ ሄድ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቅኝቱ ሲወርድ ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ይደፈርሳል

በመደበኛ ቅኝት ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ገደማ ላይ ይርገበገባል። ወደ ቢ ኖታ ስታወርዱት 62 ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቤዝ ሳይጣራ ወደ ዲስቶርሽኑ (ድምፁ ሆን ተብሎ ወደሚሻከርበት ክፍል) ሲገባ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይጨፈልቀዋል። ከዲስቶርሽኑ በኋላ ቤዙን ብትቀንሱትም ብዙ አይረዳም፤ ድምፁ ቀድሞ ተበላሽቷል።

መፍትሄው ከአምፑ ፊት የሚሰካ የቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ኦቨርድራይቭ ፔዳል (በእግር የሚከፈት ትንሽ ሣጥን) ነው። ድራይቩን ዜሮ አካባቢ፣ ሌቭሉን ከፍ፣ ቶኑን መሀል ላይ አድርጉት። እዚህ ፔዳሉን የምንፈልገው ለዲስቶርሽን አይደለም። ቤዙን አስቀድሞ ይቆርጣል፣ ሚዱን ይገፋል፣ አምፑም ጠበቅ ብሎ ይመልሳል። ውድ ሄድ ያላቸው ጊታሪስቶችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ርካሽ ኮፒዎቹም ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ስለዚህ ሄድ ስትመርጡ ጌይን የበዛበትን አታሳድዱ፤ ፔዳላችሁን ይዛችሁ ሂዱና አብረው እንዴት እንደሚሠሩ ስሙ። ክሩ ከቅኝቱ ጋር የሚመጣጠን ውፍረት ከሌለው ደግሞ የትኛውም አምፕ አያድናችሁም።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ እንደ ንብ ይጮኻል

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ካቢኔቱን (የስፒከሩን ሣጥን) ጠርጥሩ። ስፒከሩ ድምፁን ከሄዱ ባልተናነሰ ይወስነዋል። ርካሽ ሄድ በጥሩ ካቢኔት፣ ውድ ሄድ በደካማ ካቢኔት ከሚሰጠው የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። ለማረጋገጥ የጓደኛችሁን ካቢኔት ተውሳችሁ የራሳችሁን ሄድ ሰኩበት። ችግሩ ከጠፋ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት አወቃችሁ። ያገለገለ፣ ጀርባው የተዘጋ፣ ባለ ሁለት 12 ኢንች ካቢኔት ፈልጉ። ውስጡ ሰለስቲየን ቪንቴጅ 30 ካለ ሚዱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ለሜታል የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ከድራመሩ ጋር አልመጣጠን አለ

ዋቱን እጥፍ ማድረግ ድምፁን እጥፍ አያደርገውም። ከ50 ወደ 100 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሴንሲቲቪቲው (በአንድ ዋት የሚሰጠው ድምፅ) 97 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር 100 በሆነ ብትቀይሩት ያንኑ ያህል ታገኛላችሁ።

ለቤትና ለትንሽ ልምምድ ኦሬንጅ ማይክሮ ዳርክ ይበቃል። 20 ዋት ነው፤ ፕሪአምፑ (ድምፁ መጀመሪያ የሚቀረጽበት ክፍል) ላይ አንድ ቲዩብ (አምፑል የሚመስል የመስታወት ቱቦ) አለው፣ ፓወሩ (ስፒከሩን የሚነዳው ክፍል) ትራንዚስተር ነው። ከባድ ድራመር ካላችሁ ግን በትራንዚስተር 100 ዋት አካባቢ እንድትይዙ እመክራለሁ። «ቲዩብ ካልሆነ ሜታል አይሆንም» የሚለውን አትስሙ። የፓንቴራው ዳይምባግ ዳረል ያንን ስለታም ድምፅ ያወጣው በራንዳል ትራንዚስተር አምፕ ነው። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ትራንዚስተር ቲዩብ ቀይሩልኝ አይልም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሪፎች መሀል ሹሹታ አለ

ጌይኑን ቀንሱ፣ ከዚያ ኖይዝ ጌት (ሳትጫወቱ ድምፁን የሚዘጋ መሣሪያ) ጨምሩ። ጊታሩን ስትነቅሉ ሹሹታው ከጠፋ ምንጩ ጊታሩ ወይም ኬብሉ ነው። ካልጠፋ ወደ አምፑ ዙሩ።

ያገለገለው ሄድ ያፏጫል፣ ይንጫጫል

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒቪ 5150፣ ኋላም 6505 የተባለው፣ ያገለገለ ሆኖ ሲገኝ ያጓጓል። ግን አራት 6ኤል6 የፓወር ቲዩቦች አሉት፤ የመቀየሪያቸውን ዋጋ ሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። ከመክፈላችሁ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከፍ ባለ ቮልዩም አጫውቱት፤ አንዳንድ ብልሽት ሲሞቅ ነው የሚታየው። ፉጨት ካለ የፕሪአምፕ ቲዩቦቹን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ንኩ፤ በስፒከሩ ጎልቶ የሚጮኸው ይቀየራል። የተቃጠለ ሽታ ካለ ተዉት። ሻሲውን (የውስጥ የብረት ሣጥኑን) ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ገዳይ ቮልቴጅ ሊኖር ይችላል።

ቲዩብ ሄድ ካቢኔት ሳይሰካበት አታብሩ፤ የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። የሄዱ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ከካቢኔቱ ጋር ይግጠም። በትራንዚስተር ደግሞ የካቢኔቱ ኦም ሄዱ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን አይነስ። ሁለቱን የምታገናኙት በስፒከር ኬብል እንጂ በጊታር ኬብል አይደለም። በመጨረሻም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብቡ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራን ሄድ 230 ላይ ከሰካችሁት ፊውዙ ተቃጥሎ ብቻ ከቀረ እድለኞች ናችሁ።