አልትራሳውንዱ ሆዷን ከመንካቱ በፊት፦ ፈቃድ አጠያየቅ ለአዋላጆች

መጀመሪያ አጃቢዎቹን በትህትና ውጭ አስቀምጡ። «እያንዳንዷን እናት ለብቻዋ ነው የምናናግረው» ከተባለ ደንብ ነውና ባልም አማትም አይቀየሙም። ከፈለገች በኋላ ትጠራቸዋለች። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ቋንቋዋ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ከሆነ የሚያስተረጉመው የሥራ ባልደረባ ይሁን። አማት ስታስተረጉም «ችግር ሊኖር ይችላል» ያላችሁት «ደህና ነው» ሆኖ ይደርሳል።

ምርመራዎቹን በአንድ «እሺ» አትጠቅልሉ፤ «እሺ» ብዙ ጊዜ አክብሮት እንጂ ፈቃድ አይደለም። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ከተገኙ ሕፃኑን ለመጠበቅ የሚደረግ ነገር አለ። ያም ሆኖ እምቢ ማለት ትችላለች፤ ክትትሏ አይቋረጥም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ትጠየቃለች።

የፅንስ አፈጣጠር ምርመራ ግን ከባድ ውሳኔ ሊያስከትል ስለሚችል ሰፋ ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከ18 እስከ 22ኛው ሳምንት የሚደረገው አልትራሳውንድ የራስ ቅል አለመፈጠርን፣ ብዙ ጊዜም የጀርባ አጥንት ክፍተትን ያሳያል። ዳውን ሲንድሮምን (ከተጨማሪ ክሮሞሶም የሚመጣ የእድገት ችግር) ግን ሊያልፈው ይችላል፤ ሕፃኑ ይስማ አይስማ ጭራሽ አይነግርም። ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን የሚደረገው የፅንሱ የአንገት ፈሳሽ ልኬትና የእናት የደም ማጣሪያም ስጋትን ይገምታል እንጂ አያረጋግጥም፦ ዳውን ሲንድሮም የሌለበት ፅንስ ካረገዙ 100 እናቶች 5 ያህሉን «ስጋት አለ» ይላቸዋል። ማረጋገጫው የእንሽርት ውኃ ምርመራ ሲሆን ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ይደረጋል፤ አነስተኛ ቢሆንም የውርጃ አደጋ አለው።

ከዚያ ጠይቁ፦ «እህቴ፣ ጉድለት ካየን እንድንነግርሽ ትፈልጊያለሽ? ለብቻሽ ወይስ ባለቤትሽ ባለበት?» «ዝም ካልኩ እየለካሁ ነው» ማለትንም አትርሱ፤ ያልተነገረላት ዝምታ ያስደነግጣታል።

መረዳቷን ለማወቅ «ገባሽ?» አይጠቅምም። «ቤት ስትደርሺ ምን አዩልሽ ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?» በሏት። «ልጄ ምንም እንደሌለበት አረጋገጡልኝ» ካለች አልገባትም፤ ከማጣሪያና ከማረጋገጫ ልዩነት እንደገና ጀምሩ።

ጉድለት ከታየ አልጋ ላይ እንደተኛች አትንገሯት። ጄሉን ጠርጉላት፣ ተነስታ ትቀመጥ፣ ከዚያ ተናገሩ፤ በስፔሻሊስት እንዲታይም ላኳት። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት እርግዝናን ለማቋረጥ ከሚያስችሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህንንም፣ እርግዝናውን ብትቀጥል የሚደረግላትንም እኩል ንገሯት። «እኔ ብሆን» አይባልም።

ካርዱ ላይ «ተስማምታለች» ብቻ አይበቃም። በየትኛው ቋንቋ፣ በማን አስተርጓሚነት እንደተነገራት፣ የትኛውን ተቀብላ የትኛውን እንደተወች ይጻፍ።