ሰኞ ጠዋት ወዴት ልትሄዱ ነው? ለጡረታ ስንዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

አጎቴ ጡረታ የወጡት አርብ ዕለት ነበር። ኬክ ተቆረጠላቸው፤ የእጅ ሰዓት ተሸለሙ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው በየተራ እየተነሱ አመሰገኗቸው። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሯቸው 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጢማቸውን ተላጩ፣ ሸሚዛቸውን ተኮሱ፣ ጫማቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው በሩን በሩን ማየት ያዙ። የሚሄዱበት አልነበረም።

እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። 34 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገሉ፣ ዕዳ የሌለባቸው፣ ቤታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። በገንዘብ በኩል የጎደላቸው ነገር አልነበረም። ያልተዘጋጁት ለሰኞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ የተቃረበ ሰው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 የእርጅና ጡረታን በሕግ ስትደነግግ መነሻ ዕድሜው 70 ነበር፤ ያኔ እዚያ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ 60 የሞላው ሰው፣ በዓለም አማካይ ሲታይ፣ ገና 20 ዓመት ገደማ ከፊቱ አለው። አንድ ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዕድሜ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደ ትርፍ ቆጥረን ሳናስብበት ስንገባ የምንሠራቸው ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው። ብዙዎቹን በቅርብ ሰዎች ላይ አይቻቸዋለሁ።

“ገና ነኝ” ማለት

በ25 ዓመት ስለ ጡረታ ማሰብ ያለ ጊዜው ማርጀት ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው የሚናገረው።

አንዱ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በየወሩ 100 ያስቀምጣል እንበል። ሌላው ያንኑ 100 ከ45 ዓመቱ ይጀምራል። ሁለቱም በዓመት 6 በመቶ ያገኛሉ፤ ሁለቱም 65 ሲሞላቸው ያቆማሉ። የመጀመሪያው ከኪሱ ያወጣው 48 ሺህ፣ የሁለተኛው ደግሞ 24 ሺህ ነው። ያወጡት በእጥፍ ይለያያል። ያጠራቀሙት ግን የመጀመሪያው ወደ 199 ሺህ፣ የሁለተኛው ወደ 46 ሺህ ነው። ከአራት እጥፍ በላይ! ይሄ የሆነው ወለዱ ራሱ ወለድ እየወለደ ስለሚሄድ ነው። ለዚያ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል።

ዘዴው ቀላል ነው። ደሞዝ በገባበት ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ የቁጠባው ድርሻ ይውጣ። “ከተረፈኝ አስቀምጣለሁ” የሚል ሰው ሲተርፈው አላየሁም።

50 አልፏችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲያበቃ ያ ገንዘብ ወደ ፍጆታ ሳይሄድ በቀጥታ ወደ ቁጠባ ይዙር። ሁለት ዓመት ጨምሮ መሥራት ከተቻለም ጥቅሙ ድርብ ነው፤ ሁለት ዓመት ትጨምራላችሁ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ካጠራቀማችሁት አትበሉም።

ወጪን በግምት መያዝ

“ጡረታ ስወጣ ወጪዬ ይቀንሳል” የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የመመላለሻው፣ የሥራ ልብሱ፣ የምሳው ወጪ ይቀንሳል። የመድኃኒቱ፣ የጥርሱ፣ የመነጽሩ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ቤት መዋልም ራሱ ያስወጣል። በየስንት ዓመቱ አንዴ የሚመጡትን፣ ጣሪያ ማደስን የመሳሰሉትን፣ የሚያስታውስ የለም። ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዷን ወጪ በደብተር ጻፉ። ያኔ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ገንዘቡን ተኝቶ እንዲያልቅ መተው

የዋጋ ንረት ሌባ ነው፤ በር ሳይሰብር ይገባል። የሒሳብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባት አንዲት አጭር መንገድ አለች፤ 72ን ለዓመታዊው የዋጋ ንረት አካፍሉ። ንረቱ 10 በመቶ ከሆነ በ7 ዓመት ገደማ ዋጋ እጥፍ ይሆናል፤ እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ የሚገዛው ግማሹን ይሆናል። 3 በመቶ ቢሆን እንኳ 24 ዓመት ይፈጃል። 24 ዓመት ደግሞ የአንድ ጤነኛ ሰው የጡረታ ዘመን ነው። በየወሩ የሚመጣው አበል ከዋጋ ጋር አብሮ የማይጨምር ከሆነ የዛሬው “ይበቃኛል” ነገ አይበቃም።

ስለዚህ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚሆነውን በፈለጋችሁ ሰዓት የምታገኙት ቦታ አስቀምጡ። የቀረው ሊያድግ በሚችል ነገር ላይ ይዋል፤ ያውም ተከፋፍሎ እንጂ አንድ ቦታ ተከምሮ አይደለም። አክሲዮን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጡረታው ሲቃረብ ድርሻውን መቀነስ አለበት። ገንዘብ ማውጣት በጀመራችሁበት ዓመት ገበያው ቢወድቅ ለመኖር ስትሉ በርካሽ ትሸጣላችሁ። የሸጣችሁት ደግሞ ገበያው ሲያገግም አብሮ አይመለስም።

ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲገባ መቸኮል

ስንብት ላይ አንዳንዱ ሰው በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ገንዘብ በአንድ ቀን ይቀበላል። ያን ሳምንት ስልኩ አያርፍም። የሩቅ ዘመድ ያስታውሰዋል፤ “አብረን እንሥራ” ባይ ይበዛል። የማውቃቸው አንድ መምህር የስንብት ገንዘባቸውን በሙሉ ሠርተውት በማያውቁት ንግድ ላይ አዋሉት። ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ አለቀ። ሰውየው ሰነፍ አልነበሩም። በ61 ዓመታቸው አዲስ ሙያ ሲለማመዱ ለስህተት የሚሆን ገንዘብ ስላልተዉ ነው የወደቁት።

የእኔ ምክር አንድ ነው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ስድስት ወር አትንኩት። ጥሩ ሐሳብ ከስድስት ወር በኋላም ጥሩ ነው። “ዛሬ ካልገባህ ያመልጥሃል”፣ “ትርፉ የተረጋገጠ ነው”፣ “ለማንም አትንገር” የሚል ሰው ከመጣ፣ ከሦስቱ አንዷን እንደሰማችሁ ተነሱና ሂዱ።

ሁሉንም ለልጆች ማድረግ

ይሄን ስጽፍ እጄ ከበድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከፍቅር የሚመጣ ስህተት ነው። ቤቱን በቁም ለልጅ ማዛወር፣ የቁጠባውን ገንዘብ ለልጅ ሰርግ ማዋል፣ ለልጅ ብድር ዋስ ሆኖ መፈረም። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን ሥራ ይለቃል፣ ይታመማል፣ ይፋታል። ያኔ ወላጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ወጣት ተበድሮ መማር ይችላል፤ ለጡረታ ብድር የሚሰጥ ግን የለም። ልጆቻችሁን እርዱ፤ የምትረዱት ግን ለራሳችሁ የሚበቃችሁን ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ይሁን። እጃችሁን ሳትዘረጉባቸው ማርጀታችሁ ለእነሱም ትልቅ ስጦታ ነው።

ዕዳ ይዞ ጡረታ መግባት የዚሁ ወንድም ነው። ደሞዝ እያለ የማይከብድ ብድር በጡረታ አበል ሲከፈል ያጎብጣል። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት መጀመሪያ ለእሱ ስጡ።

ጤናን ለ“ያኔ” ማቆየት

“ጡረታ ስወጣ ስፖርት እሠራለሁ፣ ያኔ እመረመራለሁ።” አካላችን ግን ቀጠሮ አያውቅም። ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ጡንቻ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። የደም ግፊት ዓመታትን ያለ ምንም ምልክት ሊቆይ ይችላል፤ ሰውየው “ደህና ነኝ” እያለ ልቡና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን ፈጠን ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመራል። 65 ዓመት ላለፋቸው ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን። ይሄን የመጨረሻውን ሰው ይንቀዋል። አንድ ሽማግሌ በአንድ እግራቸው ሲቆሙ ምን ይጠቅማል ይባላል። በዚያ ዕድሜ አንዴ መውደቅ ማለት የዳሌ ስብራት፣ ከዚያም የወራት አልጋ ሊሆን ይችላል። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዛችሁ በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ ቁሙ፤ ከዚያ እግር ቀይሩ። ጥርስ ስትፋቁም መሞከር ትችላላችሁ።

ጆሯችሁንም አስመርምሩ። የመስማት ችሎታ መቀነስ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ልንከላከላቸው ከምንችላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚወስደው ጨዋታን ነው። “ምን አልክ?” ማለት ያፈረ ሰው ቀስ በቀስ ከወሬው ይወጣል፤ ከዚያም ከሰው ይወጣል። አያቴ እንዲህ ነበሩ። ዝምተኛ ሆኑ እንል ነበር። ለካ አይሰሙም።

ከሥራ ውጭ ማንነት አለመያዝ

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሥራ ደሞዝ ብቻ አይደለም የሚሰጠን። የምንነሳበት ሰዓት፣ የምንስቅበት ሰው፣ “እስቲ አንተ እይልኝ” የሚለን ባልደረባም አብሮ ይመጣል። ሁሉም በአንድ አርብ ይቆማል። አጎቴ የሚያውቁት ሰው ሁሉ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ወር ይደውሉላቸው ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ቀነሱ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ክብደታቸው ቀነሰ። ቀን መተኛት አመጡ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረና እስከ ዛሬ የዘለቀ አንድ የሃርቫርድ ጥናት አለ፤ የሰዎችን ሕይወት ከወጣትነት እስከ እርጅና የተከታተለ። ከግኝቶቹ አንዱ ይሄ ነው፤ በ50 ዓመታቸው በቅርብ ግንኙነታቸው ይበልጥ ደስተኛ የነበሩት በ80 ዓመታቸውም ይበልጥ ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ጓደኛ መያዝ የጤና ጉዳይ ነው ማለት ነው። ጓደኛ ደግሞ በ62 ዓመት ተነስቶ በአንድ ሳምንት አይገኝም። ሥራ ላይ እያላችሁ ከሥራ ውጭ የምታገኟቸውን ሰዎች አብዙ። እጃችሁ የሚወደውን ነገር አሁን ጀምሩ።

አንድ ልምምድ ልንገራችሁ። ጡረታ ከመውጣታችሁ ከአንድ ሁለት ዓመት በፊት የሦስት ሳምንት ፈቃድ ውሰዱና የትም ሳትሄዱ ቤት ዋሉ። ያን ወር በምትጠብቁት የጡረታ ገቢ ብቻ ኑሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ዕረፍት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚሰማችሁን ጻፉት፤ ገንዘቡ የት ላይ እንዳጠረም ጻፉ።

አጎቴን ያነሳቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ሒሳብ ከብዶት እናቱ “ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ያሳዩልኝ” አለቻቸው። አንድ ልጅ ሦስት ሆነ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ያስጠናሉ። በእነዚያ ቀናት ሸሚዛቸው ይተኮሳል።

ከትዳር ጓደኛ ጋር አለመነጋገር

አንዱ ገጠር ገብቶ አትክልት መትከል ያልማል፤ ሌላዋ ከልጅ ልጆቿ መራቅ አትፈልግም። 30 ዓመት አብረው ኖረው ይሄን ሳይነጋገሩ ጡረታ የሚደርሱ አሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት መዋልም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እናቴ አባቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት “ወጥ ቤቴን መልስልኝ” ብላዋለች። ድስት ሁሉ ቦታው ተቀይሮ ነበር። ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ጠዋት የእሷ፣ ከሰዓት የእሱ እንዲሆን ተስማሙ።

ወረቀቱን ሳያስተካክሉ መቆየት

ኑዛዜ፣ ውክልና፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የመድኃኒት ዝርዝር። ሰው ይሄን ሲያነሱበት ሞት የጠሩበት ይመስለዋል። አባቴ እንዲህ አላሰበም። አንድ ሰማያዊ ማህደር ገዝቶ ሁሉንም በየተራ ከተተው፤ ፊቱ ላይ “የት ምን እንዳለ” ብሎ በእጁ ጻፈ። አንድ እሁድ እኔንና እህቴን ጠርቶ ገጽ በገጽ አሳየን፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከላይ በኩል አስቀመጠው። ባረፈ ጊዜ እናቴ ከአንድም ቢሮ “ይሄ ይጎድላል” ተብላ አልተመለሰችም። ማህደሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ባለፈው ወር የራሴን ወረቀቶች ከኋላው ጨመርኩበት።