ሳምፕለሩን ነው የመረጡት ወይስ ፒያኖውን? ሶፍትዌር ሳምፕለር ሲገመገም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ሰዎች የትኛውን ሳምፕለር፣ ማለትም የተቀዱ ድምፆችን በኪቦርድ እንደ መሣሪያ የሚያጫውት ፕሮግራም፣ ቢገዙ እንደሚሻላቸው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ደግሞ እስካሁን የሞከሯቸውን እንዴት እንደሞከሯቸው መልሼ እጠይቃለሁ። መልሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሙን ከፍተዋል፣ አብሮት የመጣውን ፒያኖ ጭነዋል፣ አራት አምስት ኮርድ ተጫውተዋል፣ ከዚያም ድምፁን ወደውታል ወይም አልወደዱትም። ይህንኑ መልስ ደጋግሜ ስለሰማሁና ትዕግሥቴም ስላለቀ፣ የማያቸውን ስህተቶች ከትልቁ ጀምሬ ልጽፋቸው ወሰንሁ።

የላይብረሪውን ሙያ ለሳምፕለሩ መስጠት

ሳምፕለር በራሱ ድምፅ አይፈጥርም፤ የሚያጫውተው ላይብረሪ የሚባለውን የቅጂዎች ስብስብ ነው። የሚሰሙት ፒያኖ አንድ ባለሙያ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በመረጣቸው ማይክሮፎኖች፣ ቁልፍ በቁልፍ የቀዳው ነው፤ ጥሩ ከሆነ ምስጋናው የቀጂው ነው፣ መጥፎ ከሆነም ወቀሳው የእሱው ነው። የሳምፕለሩ ሥራ ሌላ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ ትክክለኛውን ቅጂ መርጦ ማውጣት፣ የራሳቸው ቅጂ ለሌላቸው ቁልፎች የጎረቤታቸውን ፒች (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መስጠት፣ የድምፁን አነሣስና አጠፋፍ በሚቀርጸው ኤንቨሎፕና ፍሪኩዌንሲዎችን በሚያጣራው ፊልተር ማሳለፍ፣ በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ብዙ ድምፆችን ሳይደናበር ማስተናገድ፣ ከዲስክ የሚመጣውን ዳታም በሰዓቱ ማድረስ። አብሮ በመጣው ፒያኖ ተማርኮ ሳምፕለር መምረጥ ዘፈን ወዶ ቴፕ እንደ መግዛት ነው።

ይህን የማያምን ሰው የሚከተለውን ይሞክር። አንድ ባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል በሁለት የተለያዩ ሳምፕለሮች ይጫን፤ በሁለቱም ላይ ሪቨርቡን (የክፍል ማስተጋቢያውን)፣ ፊልተሩንና ማናቸውንም ማሳመሪያ ያጥፋ፤ ፋይሉ በተቀዳበት ቁልፍ ላይ ያጫውተውና ሁለቱን ውጤቶች ቀድቶ መነሻቸውንና ከፍታቸውን ያስተካክል። ከዚያም የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጦ (የሞገዱን ላይኛውን ወደ ታች አድርጎ) ሁለቱን ባንድ ላይ ያጫውታቸው፤ አንድ ዓይነት የሆነው ሁሉ ይጣፋል። የሚሰማው ዝምታ ነው፣ ወይም ለዝምታ የቀረበ ነገር ነው። «ይሄኛው ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ያኛው ደረቅ ነው» የተባለላቸው ሁለት ሳምፕለሮች ዋናውን ፋይል እንዳለ ከመመለስ ያለፈ ምንም አላደረጉም ማለት ነው።

ልዩነታቸው የሚወጣው ፋይሉ ከተቀዳበት ቁልፍ ሲርቅ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት አቀናባሪ ሦስት ሳምፕለሮች የተጫኑበት ላፕቶፕ ይዞ መጣና፣ አንደኛው ከሌሎቹ እጅግ እንደሚበልጥ በእርግጠኝነት ነገረኝ። ራሱ የቀዳውን አንድ የዋሽንት ኖታ በሦስቱም ላይ ጫንሁለትና ዓይኑን ጨፍኖ እንዲለይ ጠየቅሁት፤ አልቻለም። ከዚያም ኖታውን 7 ሴሚቶን ከፍ አድርገን ተጫወትን። በሴኮንድ 6 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው ቫይብራቶ ወደ 9 ጊዜ ፈጠነና ዋሽንቱ የፈራ ሰው ድምፅ መሰለ። አንደኛው ሳምፕለር ፒቹን ሲለውጥ የጊዜውን ርዝመት ጠብቆ የሚያቆይ ስልት ነበረው፤ ሲከፈት ቫይብራቶው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ የትንፋሹ መነሻ ግን እንደ ተቀደደ ወረቀት ሻከረ። እሱ የናቀው ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ «ታዲያ እኔ ስገመግም የከረምሁት ምኑን ነው?» አለኝ፤ ለጥያቄው ወደድሁት።

ከዚህም የጠነከረ ፈተና አለ። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ያለማቋረጥ የሚወጣ አንድ የሳይን ድምፅ ይሥሩና በአንድ ቁልፍ ላይ ካስቀመጡት በኋላ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ይጫወቱት። የፕሮጀክቱ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሴኮንድ የሚለካበት ብዛት) 44,100 ከሆነ፣ ሊኖር የሚችለው ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ግማሹ፣ ማለትም 22,050 ሄርዝ ነው። በፋይሉ ውስጥ 15,000 ሄርዝ የነበረው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ሲወጣ 30,000 መሆን ነበረበት፤ ለዚያ ግን ቦታ የለም። ጥንቃቄ ያለው ሳምፕለር አስቀድሞ አጣርቶ ያስቀረዋል፤ ጥንቃቄ የሌለው ወደ 14,100 ሄርዝ አጥፎ ይመልሰዋል። ሲያዳምጡት ድምፁ ወጥቶ ወጥቶ ጣሪያው ጋ ሲደርስ፣ ጠፍቶ መቅረት ሲገባው፣ ነጥሮ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማሉ። በጸናጽልና በሻከሩ ክሮች ድምፅ ላይ «አንድ የሚያስጠላ ነገር አለው» የምንለው፣ ስሙን ግን የማናውቀው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

እርግጥ ነው ጉድለቱ ራሱ የሚፈለግበት ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኢሙ ኤስፒ 1200 የተባለው የሳምፕለር መሣሪያ ባለ 12 ቢት ነበር፣ ሳምፕል ሬቱም 26 ኪሎሄርዝ ገደማ ብቻ ነበር፤ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ዛሬም የሚናፍቁት በዚያው ሻካራነቱ ነው። እኔ የምቃወመው ሻካራውን መምረጥን አይደለም፣ ሻካራ መሆኑን ሳያውቁ መምረጥን ነው።

ከፍታቸውን ሳያስተካክሉ ማወዳደር

ይህን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንድ ሳምፕለር ከሌላው «ሰፊና ጥልቅ» መሆኑን ለሥራ ባልደረቦቼ በልበ ሙሉነት ከተናገርሁ በኋላ፣ የመጀመሪያው በነባሪ ቅንብሩ 3 ዴሲቤል ከፍ ብሎ እንደሚወጣ አየሁ። ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ይሰማዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሜትር ማስተካከል፣ ሪቨርቡንም ማጥፋት ያስፈልጋል።

በአንድ መሣሪያ፣ በባዶ ፕሮጀክት መፈተን

እ.ኤ.አ. በ1998 ጊጋሳምፕለር የተባለው ፕሮግራም እስኪመጣ ድረስ፣ ሳምፕል (የተቀዳው ድምፅ) በመሠረቱ ሙሉ በሙሉ ራም ውስጥ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ፣ መግባት ነበረበት። ጊጋሳምፕለር ያመጣው ለውጥ የእያንዳንዱን ቅጂ መነሻ ብቻ ራም ውስጥ አስቀምጦ የቀረውን ቁልፉ ሲነካ ከዲስክ ማንበብ ነበር፤ የዛሬዎቹ ትልልቅ ሳምፕለሮችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለምን እንዳስፈለገ ሒሳቡ ይነግረናል። ባለ 24 ቢት፣ 48 ኪሎሄርዝ፣ ስቴሪዮ ድምፅ በሴኮንድ 288,000 ባይት ይወስዳል። 88 ቁልፎች፣ ለእያንዳንዳቸው 8 የቬሎሲቲ ሌየር (በአመታት ኃይል የተለያዩ ቅጂዎች)፣ ለእያንዳንዱ ሌየር 10 ሴኮንድ ብንቀዳ 2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። አራት ራውንድ ሮቢን (በተራ የሚወጡ የአንድ ኖታ ተለዋጭ ቅጂዎች) ሲጨመርበት 8፣ ሦስት የማይክሮፎን አቀማመጥ ሲጨመርበት ደግሞ 24 ጊጋባይት ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ቅጂ መነሻ 60 ኪሎባይት ብቻ ብንይዝ ግን፣ ያ ሁሉ ፒያኖ በ500 ሜጋባይት ገደማ ራም ይስተናገዳል።

አሁን ያንን 60 ኪሎባይት በጊዜ እንመንዝረው፤ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳምፕለሩ ከቁልፉ መነካት ጀምሮ በዚያች ቅጽበት ውስጥ የቀረውን ከዲስክ ማድረስ አለበት። ፔዳል ረግጠው 40 ኖታ ቢጫወቱ፣ በሦስት ማይክሮፎን 120 ቮይስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚጫወት ቅጂ፣ ይከፈታል። በዳታ መጠን ሲታይ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ስለሆነ ተራ ሃርድ ዲስክም የሚችለው ይመስላል፤ ነገር ግን ዳታው 120 የተለያየ ቦታ ላይ ተበትኖ ነው የሚገኘው። የዲስኩ ራስ ከቦታ ቦታ ለመሄድ 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ቢፈጅበት፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ ለማዳረስ ብቻ ከ1 ሴኮንድ በላይ ያስፈልገዋል። መነሻው ግን አስቀድሞ አልቋል፤ ኖታውም ይቆረጣል። በኤስኤስዲ ላይ የሚንቀሳቀስ ራስ ስለሌለ ችግሩ በእጅጉ ይቀላል፣ ፈጽሞ ግን አይጠፋም።

አንድ ሌሊት፣ ጠዋት ማስረከብ የነበረብኝን ሥራ ከጨረስሁ በኋላ ወደ ፋይል ላክሁትና ሳላዳምጠው ተኛሁ። ፕሮግራሙ ከእውነተኛው ጊዜ በፈጠነ ፍጥነት ሲያወጣው ሳምፕለሩ ከዲስክ ማንበቡን አልጨረሰም ነበር፤ በመካከለኛው ክፍል ሁለት የባስ ኖታዎች የሉም። ባለጉዳዩ «እዚህ ጋ ባሱን ሆን ብለህ ነው ያወጣኸው? ደስ ይላል» አለኝ። አዎን አልሁት፤ ያን ጊዜ ያፈርሁበትን ያህል ዛሬም አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሳምፕለር የምፈትነው ሃያ ትራክ በሞላበት፣ ሪቨርቡና ኮምፕረሰሩ ሁሉ በተከፈተበት እውነተኛ ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ በእውነተኛ ጊዜ የወጣውንና በፍጥነት የወጣውንም ጎን ለጎን አስቀምጬ አወዳድራለሁ። አንዳንድ ሳምፕለሮች ወደ ፋይል ሲያወጡ የፒች ማስተካከያውን ጥራት ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ልዩነት ሁሉ ብልሽት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌተንሲውን በሳምፕለሩ ማሳበብ

ሌተንሲ ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው መዘግየት ነው። በ48 ኪሎሄርዝ ላይ የ512 በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቋት) ወደ 11 ሚሊሴኮንድ ነው፣ የ128 ደግሞ ከ3 ሚሊሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ይህን የሚወስነው የድምፅ ካርዱ ቅንብር እንጂ ሳምፕለሩ አይደለም። በፈሩን ዝቅ አድርገው አሁንም አንዱ መሣሪያ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ፋይሉን አጉልተው ይመልከቱት፤ መነሻው ላይ ሳይቆረጥ የቀረ ዝምታ ያገኛሉ።

በኃይል ብቻ መምታት

ጀማሪዎች ኪቦርዱን በቬሎሲቲ 110 እና ከዚያ በላይ ብቻ ሲፈትኑ አያለሁ። ኪቦርዱን በለሆሳስ ይንኩት፣ ከዚያም ቀስ እያሉ ያጠንክሩት፤ አንዱ ሌየር አልቆ ሌላው ሲጀምር ደረጃ እንደ መውጣት የሚሰማ ከሆነ ሳምፕለሩ ሌየሮቹን እርስ በርስ ማቀላቀል ይችል እንደሆነ ይፈልጉ። አንዱን ኖታ በእኩል ቬሎሲቲ 16 ጊዜም ይደጋግሙት፤ ራውንድ ሮቢን ከሌለው እንደ መትረየስ ያንጣጣዋል። ካለው ደግሞ፣ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ሲነሣ ተራው አብሮ ወደ መጀመሪያው ይመለስ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ የማይመለስ ከሆነ ዛሬ ያወጡት ፋይልና ነገ የሚያወጡት አንድ ዓይነት አይሆኑም።

የራስን መሣሪያ ሳይሠሩ የሙከራ ጊዜውን መጨረስ

እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አዝናለሁ፤ ማንም አልነገራቸውምና። ሳምፕለርን ከተራ ማጫወቻ የሚለየው የራስዎን ቅጂ መሣሪያ ማድረግ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ በሙከራ ጊዜው ውስጥ 40 የራስዎ ፋይሎችን ይዘው ይግቡና በሰዓት ይለኩት። የፋይሉን ስም አንብቦ ኖታውንና ቬሎሲቲውን በየቦታው ይደለድላል ወይስ አንድ በአንድ በአይጥ መጎተት አለብዎት? የአርባውንም ሪሊዝ (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ የሚጠፋበትን ጊዜ) በአንድ ጊዜ መለወጥ ይቻላል? ሉፕ ሲያደርጉ (የቅጂውን አንድ ክፍል ደጋግመው ሲያጫውቱ) መገጣጠሚያው ቀጭ ይላል ወይስ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ቀስ አድርጎ የሚያዋሕድ ክሮስፌድ አለው? እኔ መልኩ የሚያምር ሳምፕለር መርጬ፣ ከ200 በላይ ፋይሎችን ለሦስት ምሽቶች በእጄ ስደለድል ቆይቻለሁ፤ በአራተኛው ቀን ፋይሎቹን በሥርዓት ብሰይማቸው ኖሮ ሥራው በአንድ ጠቅታ ያልቅ እንደነበር ከመመሪያው አነበብሁ። ስለዚህ መመሪያውንም ያንብቡ።

መውጫውን ሳያዩ መግባት

የጊጋሳምፕለር ተከታይ የነበረው ጊጋስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቋረጥ፣ በእሱ ቅርጽ የተሠሩ ትልልቅ ላይብረሪዎች የነበሯቸው ሰዎች መለወጫ ፍለጋ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ማክኦኤስ ካታሊና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን መቀበል ሲያቆም ደግሞ ያልታደሱ ፕለጊኖች (በሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) በአንድ ዝማኔ ዝም አሉ። ላይብረሪው የተቆለፈ ከሆነ ውስጡ ያሉትን ቅጂዎች በሌላ ሳምፕለር መክፈት አይችሉም፤ እንደ ኤስኤፍዚ ያለ ቅርጽ ግን ድልድሉን በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥና ቅጂዎቹን በዌቭ ስለሚተው፣ ሳምፕለሩ ቢጠፋ ሥራዎ አይጠፋም። ነፃ ነው ተብሎ የሚወርደውንም ቢሆን ገደቡን ይዩ፤ ለምሳሌ ኮንታክት ፕሌየር የተባለው ነፃ ሳምፕለር ፈቃድ ያልተሰጠውን ላይብረሪ በሙከራ መልክ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚያጫውተው፣ ብዙ ጀማሪም ላይብረሪ ከገዛ በኋላ ነው ይህን የሚያውቀው።

ከመግዛትዎ በፊት የመጨረሻው ፈተና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ፕሮጀክቱን ያስቀምጡ፣ ሁሉንም ይዝጉ፣ የሳምፕሎቹን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ያዛውሩና ፕሮጀክቱን እንደገና ይክፈቱት። «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መስኮት ይመጣል፤ አዲሱን ቦታ አንድ ጊዜ ሲያሳዩት የቀሩትን በራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል ወይስ ለእያንዳንዱ ፋይል እንደ አዲስ ይጠይቅዎታል?